በሁለት እሳት መካከል

ከመካነ ሰላም ወጥቶ የቦረናን ደጋ ይዞ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው አንድ ቦታ ሲደርስ ምድሩ ከፊቱ ያልቅበታል። ገብስና ስንዴ የሚዘራበት ሜዳ በድንገት ይቆምና አፋፉ ይመጣል፤ ከአፋፉ ሥር ገደል፣ ከገደሉ ሥር ሌላ ገደል፣ ከሁሉም በታች፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ፣ ዐባይ። ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። ጠዋት አፋፉ ላይ ጋቢ ደርበው በብርድ የሚንቀጠቀጡ መንገደኞች ታች ሲደርሱ ልብሳቸውን እያወለቁ በላብ ይጠመቃሉ። ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ተፋጠው የሚኖሩበት አገር ነው። የተወለድኩትም እዚያው ነው።

እኛ የልጅ ልጆቻቸው «አባባ» የምንላቸው አያቴ ከዚህ አፋፍ ጋር የተያያዘ አንድ ልማድ ነበራቸው። ቆላ የወረደ ዘመድ ካለ ወደ ማታ ላይ ከቤት ይወጡና ፀሐይዋን ቀና ብለው ያያሉ፤ ቀጥሎም ወደ መንገዱ ይመለከታሉ። ሰውየው ፀሐይ ሳትጠልቅ አፋፉ ላይ ብቅ ካላለ እራት አይቀርብላቸውም። ለቆላ ያወጧቸው ሕጎች ሦስት ነበሩ። ከመስከረም እስከ ኅዳር ቆላ አትደር። ማደር ግድ ከሆነብህ ውኃ ዳር አትተኛ። የትም ብትተኛ እሳት ሳታነድና ተከናንበህ ሳትሸፈን እንቅልፍ አይውሰድህ። «ለምን አባባ?» ስንላቸው መልሳቸው ሁለት ቃል ነበር፦ «ንዳድ አለ።»

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ የእነዚህን ሦስት ሕጎች ታሪክ ልከተል አስቤያለሁ። ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ የአደን ጉዞ ነው። (ኢትዮጵያዊ መሆኑን ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

«ጣልያን ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው» ብለው ይጀምሩ ነበር አባባ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጅ ነበሩ። ታች ቆላ ያለው ማሽላ ሊደርስ ሲል ጉማሬ ሌሊት ሌሊት ከዐባይ እየወጣ እርሻ ጨረሰ የሚል ወሬ መጣ። ታላቅ ወንድማቸው ጠመንጃ ያለው፣ ጎበዝ የሚባል ሰው ነበር። የጉማሬ ቆዳ አለንጋም ጋሻም ይሆናል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ግዳይ ይዞ የተመለሰ ሰው በአገሩ ዘንድ ሌላ ሰው ነው። ፀጉሩ ቅቤ ይቀባል፣ ፉከራው ይሰማለታል፣ በድግስ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ ይለወጣል። በዚያ ዘመን ዝሆን የገደለ ሰው ጆሮው ላይ ወርቅ ያንጠለጥል እንደነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ፤ ጉማሬ ያን ያህል ክብር ባያመጣም ለአንድ ወጣት የሚበቃ ስም ይሰጣል።

ወሩ ጥቅምት ነበር። ሕጉን ያልሰማ አልነበረም፤ ግን ወሬው ከሕጉ በለጠና ሰባት ሆነው ወረዱ። አራቱ ክርስቲያን፣ ሦስቱ እስላም ነበሩ፤ በወሎ እንዲህ ተቀላቅሎ መሄድ አዲስ ነገር አይደለም። ለስንቅ ሁለት ፍየሎች ነዱ፤ አንዱ በክርስቲያን ቢላ፣ አንዱ በእስላም ቢላ የሚታረድ። ስለዚህ በሰፈሩበት ቦታ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት እሳት ሆነ። እንጨት መልቀምና ሁለቱንም እሳት ሲያነዱ ማደር የትንሹ ልጅ ሥራ ነበር። ከጓደኞቻቸው አንዱ፣ ዕድሜው የገፋ እስላም አዳኝ፣ ሌሊቱን በሙሉ «እርጥቡን ጨምርበት፣ ይጭስ፣ አብሽር» እያሉ ያበረቷቸው ነበር። አባባ በጭሱ ዓይናቸው እንባ እያፈሰሰ፣ ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናንበው፣ በሁለቱ እሳት መካከል ተኙ።

ወንድማቸውና ሌሎች ሁለት ሰዎች ግን ሙቀቱም ጭሱም መረራቸው። ቁርበታቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ወረዱና ነፋስ ያለበት አሸዋ ላይ ልብሳቸውን አውልቀው ተኙ። ሁለት ሌሊት እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ጉማሬው ወደቀ።

ወደ ደጋ ሲመለሱ እልልታው እስከ ማዶ ይሰማ ነበር ይሉናል። ፉከራው ሦስት ቀን ዘለቀ። ሁሉም ነገር በሰላም አለፈ ተባለ። በዐሥረኛው ወይም በዐሥራ አንደኛው ቀን ግን ወንድማቸው በጠራራ ፀሐይ «በረደኝ» አለ። ጋቢ ተደረበለት፣ በርኖስ ተጨመረለት፣ አሁንም ይንቀጠቀጥ ነበር። ማታ ላይ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ። ዓይን በላው ያሉ ነበሩ፤ የጉማሬው ደም ነው ያሉም ነበሩ። ከጠበሉም ተወሰደ፣ ሼሁም ዱዓ አደረጉለት፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ተሞከረ። ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። አሸዋ ላይ አብረውት ከተኙት አንዱ ተከተለው፤ ሌላው ከሞት ቢተርፍም ለብዙ ጊዜ ፊቱ እንደ ገለባ ሆኖ ቀረ። በእሳቱ ዙሪያ ያደሩት ግን አንዳቸውም አልታመሙም።

«እርስዎን ምን አተረፈዎት?» ብዬ የጠየቅኋቸው ጊዜ አባባ ትንሽ አሰቡና «እንጀራዬ አላለቀም ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ምክንያት ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም።

* * *

ንዳድ የሚለው ቃል ከነደደ የወጣ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በሽተኛው ስለሚነድ ንዳድ ተባለ። ቆላ የሚለው የአገር ስምና ቆላ የሚለው ግስም በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ትርጓሜ የሚወድ ሰው «አገሩ ሰውን ይቆላል» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ንዳድ የተባለ ስም ከእኛ አልፎ በባዕድ መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ደርሶ፣ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ አገሩ ተመልሶ በ1790 ባሳተመው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ በምጽዋ አካባቢ ስላሉ ሕመሞች ሲዘረዝር ከሁሉ ያስቀደመው ንዳድን ነው። ስሙንም በአገሬው አጠራር ጽፎታል። ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ቀን እንደሚገድል፣ መድኃኒቱም ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት መሆኑን ገልጿል። ኪኒን በኋላ ተነጥሮ የወጣው ከዚያው ቅርፊት ነው።

ከእሱ ሰባ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ ማንስፊልድ ፓርኪንስ ደግሞ በትግራይ ተቀምጦ፣ ባዶ እግሩን እየሄደ፣ እንደ አገሬው እየበላና እየለበሰ የኖረ አዳኝ ነበር። በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ በመረብ ሸለቆ ውስጥ ማደር ግድ የሆነበት ሰው ሊያደርግ የሚገባውን ይመክራል፦ ሁለት ትልልቅ እሳት አንድዶ በመካከላቸው መተኛት፣ ራስንም በጨርቅ መሸፈን። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። መረብ ከዐባይ እጅግ ሩቅ ነው፤ ፓርኪንስ ስለ አያቴ ወንድም፣ አያቴም ስለ ፓርኪንስ የሚያውቁት አንዳች ነገር የለም። ሁለቱን ያገናኘው የቆላ ሕግ ነው። የእኛዎቹ ሁለት እሳት ያነደዱት ለሥጋው ብለው እንደሆነ አባባ ነግረውናል፤ እርጥቡን ቅጠል ያስጨመሩት ሽማግሌ ግን ከሥጋው ሌላ የሚያውቁት ነገር ሳይኖር አልቀረም።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ሦስተኛው ምስክር ነው። አንቷን ዳባዲ በ1810 ደብሊን ውስጥ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። ከ1838 አንሥቶ ዐሥር ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጉዳይ አልተለየም፤ ተራራዎቻችንን በመሣሪያ ለክቶ ካርታ አነሣ፣ ከሁለት መቶ በላይ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፣ በ1881ም የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የምናውቀው በዚህ ነው። በ1882 ግን ይኸው ሰው ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አንድ አጭር ማስታወሻ አቀረበ። ጭብጡ ስለ ኢትዮጵያ ዝሆን አዳኞች ነበር። እነዚህ አዳኞች፣ ይላል ዳባዲ፣ የቀዝቃዛው ደጋ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም እጅግ ሞቃትና በሽታ ወደ ሞላበት ቆላ እየወረዱ ሳይታመሙ ይመለሳሉ። እነሱ እንደሚሉት ምስጢሩ አንድ ነው፤ በየቀኑ ራቁታቸውን ሆነው ሰውነታቸውን በድኝ ጭስ ይታጠናሉ።

ድኝ! ባሩድ ከሚቀመምባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ድኝ መሆኑን ያስታውሷል። ባሩዱን ራሱ የሚቀምም አዳኝ ድኝ ከከረጢቱ አይጠፋም፤ ከጠመንጃው የተረፈውን ለገላው ማዋሉ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። ዳባዲ ግን በእኛ አዳኞች ወሬ ብቻ አልቆመም። ፉኬ የተባለ የአገሩ ሊቅ ከሲሲሊ ያሰባሰበውን መረጃ ጨመረበት። በዚያች ደሴት ንዳድ በበዛባቸው ዝቅተኛ ቦታዎች፣ በአካባቢው መንደሮች ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ሕዝብ ሲታመም፣ በድኝ ማዕድን ውስጥ ከሚሠሩት ግን የሚታመሙት ከመቶ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ የአገሬ አዳኞች ልማድ በፓሪስ ሊቃውንት ፊት ቀርቦ፣ በቁጥር ተደግፎ፣ ተነቦ ነበር ማለት ነው። ስማቸውን የጻፈልን ግን የለም። የትኛው ደጋ ሰዎች እንደነበሩ፣ ከጎጃም ይሁኑ ከቤጌምድር ወይም ከወሎ፣ ማስታወሻው አይነግረንም።

* * *

በ1882 ስለ ጭሱ የተናገረው ሰው ጭሱ ማንን እንደሚያባርር አላወቀም። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የሚያምነው በሽታው ከረግረግ ከሚወጣ ክፉ አየር እንደሚመጣ ነበር፤ ማላሪያ የሚለው ስም ራሱ በጣልያንኛ «ክፉ አየር» ማለት ነው። የእኛም ሰዎች «የቆላ አየር መታው» ይሉ ነበርና በዚህ ከአውሮፓ ሊቃውንት ያነስን አልነበርንም።

መልሱ ግን እየቀረበ ነበር። ዳባዲ ማስታወሻውን ከማቅረቡ ሁለት ዓመት በፊት፣ በኅዳር 1880፣ ላቭራን የተባለ ፈረንሳዊ የጦር ሐኪም አልጄሪያ ውስጥ በበሽተኛ ደም ላይ ሕይወት ያለውን ተሕዋስ አይቶ ነበር። ነሐሴ 20 ቀን 1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ ሕንድ አገር ሆኖ ያንኑ ተሕዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው። አንቷን ዳባዲ ያረፈው በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነበር። ስለ ቢምቢ ሳይሰማ በአምስት ወር ተቀደመ።

በ1900 በጋ ሁለት ሐኪሞች፣ ሳምቦንና ሎው፣ በሮማ አጠገብ ንዳድ በሚጨርሰው ሜዳ ላይ መስኮትና በሯ በወንፊት በተሸፈነ ጎጆ ውስጥ ተቀመጡ። ኪኒን አልወሰዱም። ቀን እንደልባቸው ይዘዋወራሉ፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ግን ገብተው ይዘጋሉ፣ እስኪነጋም አይወጡም። ጎረቤቶቻቸው እየታመሙ እነሱ ጤነኞች ሆነው ወጡ። ለሕክምና ታሪክ ይህ ትልቅ ሙከራ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር የሚታየኝ አባባ ፀሐይዋን ቀና ብለው ሲያዩ ነው። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ አፋፉ ላይ ውጣ» የሚለው ሕግ የእነዚያን ሐኪሞች ሕግ የሚያህል ነው። ድኙም ቢሆን ጊዜው ደርሶለት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካውያን የፓናማን ቦይ ሲቆፍሩ ትንኝ ለማጥፋት ቤቶችን ካጠኑባቸው ነገሮች አንዱ ድኝ ነበር።

አሁን በሦስቱ ሕጎች ላይ ምክንያታቸውን እየለጠፍን እንለፍ። ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚለው፦ ክረምቱ አልፎ ወንዝ ሲጎድል በየድንጋዩ ሥር የሚቀሩት ፀሐይ የሚያገኛቸው ትንንሽ ኩሬዎች በአገራችን ዋና አስተላላፊ ለሆነችው ትንኝ ከሁሉ የተመቹ መራቢያ ናቸው፤ የወባ ከባድ ወራትም እነዚያው ናቸው። ውኃ ዳር አትተኛ የሚለው ከዚሁ ይከተላል። እሳትና መከናነብ የሚለውም ግልጽ ነው፤ ጭሱ ትንኝን ያርቃል፣ ጋቢው ገላን ይሸፍናል። እናቶቻችን ቤትና የወተት ዕቃ የሚያጥኑባቸው ጥንጁትና ወገርት በአገራችን ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ተፈትነው ጭሳቸው የወባ ትንኝን እንደሚያርቅ ታይቷል። እርግጥ ነው ጭስ ብቻውን አስተማማኝ ጋሻ አይደለም፤ የድኝ ጭስማ ሳንባን ይጎዳልና ማንም እንዳይሞክረው። አባባን እሳቱ አተረፋቸው ብዬ በእርግጠኝነት ልምል አልችልም። ሰባት ሰው ሁለት ሌሊት ማደሩ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን «እንጀራዬ አላለቀም» ከሚለው መልስ የተሻለ ነገር እጄ ላይ መኖሩን አውቃለሁ።

ወንድማቸውን በዓይን በላው ያስጠረጠረውም ነገር ስሙን አግኝቷል። አደገኛው የወባ ዓይነት ከተነከሱበት ቀን አንሥቶ እስኪገለጥ ድረስ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ሰውየው ታች ሲነከስ ጤነኛ ነው፣ ሲፎክር ጤነኛ ነው፤ የሚወድቀው እቤቱ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሰው ሁሉ ባየው ማግስት ነው። ሰው ጥፋቱን ከድግሱ ቢያገናኝ ምን ይደንቃል? በዚያ አሥር ቀን ዝምታ ውስጥ ስንት ጎረቤት ተጠርጥሮ ይሆን፣ ስንት ዝምድና ተበጥሶ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ንዳድ የገደለው በሥጋ ብቻ አይመስለኝም።

* * *

ደጋው ለምን ዳነ? ተሕዋሱ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል። አየሩ ከዐሥራ ስድስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በታች ሲሆን አደገኛው ዓይነት ማደጉን ያቆማል፤ ትንኟም ተሕዋሱ ሳይበስል ዕድሜዋ ያልቃል። ስለዚህ በአገራችን ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ያለው ምድር በአብዛኛው ከወባ ነፃ ሆኖ ኖሯል። የአባቶቻችን ጥንቃቄ በሙሉ በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነበር፦ በሽታው ታች ነው፣ እኛ ላይ ነን፤ እኛ ካልወረድን እሱ አይወጣም።

ይህ እምነት በ1950 ዓ.ም. ማብቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ማለትም በ1958፣ ፈረሰ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልክ አለፈ፣ ቆይታውም ረዘመ፣ ሙቀቱም ከተለመደው በላይ ሆነ። ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባለው የመካከለኛው ደጋ ምድር፣ ሰዉ ከበሽታው ጋር ትውውቅ በሌለው አገር፣ ወባ ወጣ። በኋላ ጉዳዩን የመረመሩት ሐኪሞች ሦስት ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 150,000 ሰው እንደሞተ ገምተዋል። መከር ሳይሰበሰብ የቀረበት አገር ብዙ ነበር፤ አጫጁ ተኝቶ ነበርና። «አትውረድ» የሚለው ሕግ ለዚያ ዓመት ምንም አልጠቀመም፤ ማንም ሳይወርድ በሽታው ራሱ ደጁን አንኳኳ።

ከዚያ መቅሠፍት በኋላ በ1959 የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ዲዲቲ በጀርባቸው ተሸክመው በየመንደሩ የሚረጩ ሰዎች፣ በር ላይ በጠመኔ የሚጻፍ ቁጥር፣ ክሎሮኪን የሚባል መራራ ኪኒን፣ ይህን ሁሉ የእኔ ትውልድ ያስታውሳል። ስሙ «ማጥፊያ» ነበር፤ በኋላ ግን ማጥፋቱ እንዳልሆነ ሲታወቅ «መቆጣጠር» ተባለ። ተሕዋሱ ክሎሮኪንን ተለማመደው፣ ትንኟም ዲዲቲን ተለማመደች። በ2003 እንደገና ከባድ ወረርሽኝ ሆነ። በ2004 ኮአርተም የተባለው መድኃኒት ዋናው ሕክምና ሆነ፤ ከ2005 ጀምሮም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሃያ ሚሊዮን ያህል አጎበር ለሕዝብ ታደለ። የኮአርተም አንዱ ክፍል ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለ2015 የኖቤል ሽልማት ከበቃችበት ተክል የተገኘ ነው፤ ያ ተክል የእኛ አሪቲ ዘመድ ነው። ዘመድ ነው እንጂ አሪቲ ራሱ አይደለም፤ አሪቲ አሽትቶ ወባን አድናለሁ ማለት አይቻልም።

ብዙ ሕይወት ተረፈ። ግን ነገሩ አላበቃም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በቢሾፍቱ አካባቢና በኮሎምቢያ ተራሮች የተሰበሰበ የብዙ ዓመት መዝገብ መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። በ2024 ደግሞ ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። እንግዲህ አፋፉ እንደ ድሮው ድንበር አይደለም።

* * *

ዛሬ ለአደን ወደ አፍሪካ ቆላ የሚወርድ ሀብታም እንግዳ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚሰጠው ምክር ይህን ይመስላል፦ ከመሄድህ በፊት መከላከያ ኪኒን ጀምር፣ ከተመለስክም በኋላ እስከ ተባልክበት ቀን አታቋርጥ፤ ማታ እጅጌው ረጅም ልብስ ልበስ፤ ልብስህን መድኃኒት ንከር፤ የተጋለጠ ገላህን ቅባት ቀባ፤ በአጎበር ውስጥ ተኛ፤ ከተመለስክ በኋላ ትኩሳት ከተሰማህ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን፣ ቆላ ወርጄ ነበር ብለህ ለሐኪም ንገር። ከኪኒኑ በቀር ሌላው ሁሉ የአባባ ሕግ ዘመድ ነው። ረጅሙ እጅጌ ጋቢው ነው፤ ቅባቱ ጭሱ ነው። የመጨረሻው ምክር ግን አባባ ያልነበራቸው ነው፤ «ወርጄ ነበር» የሚለው አንድ ቃል ወንድማቸውን ከዓይን ሐሜት ያወጣው ነበር፣ ምናልባትም ከሞት።

እኛ አፋፍ ላይ ያለነው ግን ለአደን አይደለም የምንወርደው። መንገድ ወጥቷል፣ ደጋው መሬት ጠብቧል፣ ወጣቱ ታች ያርሳል። ማሽላው ሲደርስ ዝንጀሮና ከርከሮ ለመጠበቅ በማማ ላይ ያድራል። ወሩም ያው ጥቅምት ነው። ባለፈው ወደ አገር ቤት ስሄድ የአክስቴ ልጅ ከቆላ ሲመለስ አገኘሁት። አጎበር ተሰጥቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። «አለ» አለኝና ወደ ጓሮ ወሰደኝ። የጭድ ክምሩ ነፋስ እንዳይበትነው ዙሪያውን በአጎበሩ ታስሯል። እሳትስ ታነዳለህ ወይ አልኩት። ሳቀብኝ። «እሳት የሽማግሌ ነው» አለ።

ያን ዕለት ሌሊት ስለዚህ ነገር ሳስብ አደርኩ። አባባ ምክንያቱን አያውቁም ነበር፤ ሕጉን ግን ጠበቁ፣ ሕጉም ባለቤት ነበረው። እሳቱን ካላነደደ የሚገሥጽ ሽማግሌ፣ በጊዜ ካልተመለሰ እራት የማይበላ አባት ነበር። የአክስቴ ልጅ ምክንያቱን ያውቃል፤ ትምህርት ቤት ተምሮታል፣ የትንኟን የላቲን ስም ሳይቀር ነገረኝ። ሕጉ ግን የለውም። የምናውቀውን ወደ ቤት ሥርዓት የሚያስገባ ሰው ከመካከላችን ጠፋ። ወባን የሚመለከት ታሪካችን በእኔ ዓይን ይህ ነው፤ ልማዱ ያለ ምክንያት ኖረ፣ ምክንያቱ ሲመጣ ልማዱ ሄደ። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተው ያደሩበትን ዘመን ገና አላየነውም።

ጠዋት ይህንኑ የአባባን ወንድም ታሪክ ለአክስቴ እንደ አዲስ ነገርኳት። ታሪኩን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፤ ስለ አሸዋውና ስለ ጭሱ ግን ሰምታ እንጂ አስባበት አታውቅም ነበር። ምንም ሳትመልስልኝ ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። አጎበሩን ከጭዱ ላይ ፈትታ አራገፈችው፤ የተቀደደችውን ቦታ በመርፌ ሰፋችና አጥፋ ከበሶው ከረጢት ጎን አስቀመጠችው። ልጇ ሊሄድ ሲነሣ በሩ ላይ ቆማ «ይህን ካልዘረጋህ» አለችው፣ «ከእንግዲህ ስንቅ አልቋጥርልህም።»